አበበ ጫማ ንቆ አልነበረም

ሰሞኑን ስለ ሩጫ ጫማ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። የላኩልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን የምንሮጥ ልጆች ናቸው። «ጫማ ጫማ የምትይው አንቺ ነሽ፤ በይ እስቲ መልስ ስጪ» የሚል ታክሎበታል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ሳቅኩ። በሁለተኛው ጥፍሬን አስታወስኩ።

ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። ቀልድ ግን ያውቃሉ። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። እግር እየለኩ ጫማ መምረጥ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል። ጫማ ከገዛችሁም ቁጥራችሁን ማወቅ ይበቃል፤ ከሱ ላይ አንድ ጨምሩ። ቢጠብባችሁ አትጨነቁ፣ ሲለመድ ይለቃል። እግራችሁ ጠፍጣፋ ከሆነ ለጠፍጣፋ እግር የተሠራውን ፈልጉ። ብር ያለው ሶሉ ውስጥ ካርቦን የተቀበረበትን የውድድር ጫማ ይግዛ፣ የሌለው ሳልባጅ ተራ ይውረድ። የገዛችሁትንም ሶሉ እስኪበሳ ሩጡበት።

ከዚህ ውስጥ አንዱ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ልክ ነው። የቀረው እግር የሚያስልጥ ምክር ነው።

በአበበ ልጀምር፤ ጽሑፉ በሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና።

አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ቀኑ ጳጉሜን 5፣ 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆነ። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። እምብዛም የማይወራው ለምን ባዶ እግሩን እንደሮጠ ነው። ጫማ ንቆ አልነበረም። ለፈረንጅ ላሳየው ብሎም አይደለም። ሮም ላይ ያገኘው ጫማ እግሩን አልተስማማውም። ይቆነጥጠዋል፣ ውሃ ያቋጥረዋል። በባዶ እግሩ መለማመዱ ደግሞ ለሱ አዲስ ነገር አልነበረም። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በማይሆን ጫማ ከመሮጥ ጫማውን መተው ይሻለኛል አለ። ተወው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጸሐፊው «ጫማ መለካት አያስፈልግም» ለማለት የጠሩት ምስክር፣ ልኬ ያልሆነ ጫማ አላደርግም ያለውን ሰው ነው። ምስክሩ ለኔ ነው የሚመሰክረው።

ታሪኩም ሮም ላይ አያልቅም። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ አበበ ኦሳካ ሊሮጥ ጃፓን ሄደ። እዚያ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የሚባል ጫማ ሠሪ አገኘው፤ የዛሬውን አሲክስ የመሠረተው ሰው ነው። ጫማ አድርግ ብሎ ወተወተው። አበበ አደረገ፤ አሸነፈም። ከዚያ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ቆመ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ወር ከጥቂት ቀን ቢሆነው ነው። ጫማና ካልሲ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ከሮሙ በ3 ደቂቃ የፈጠነ።

ያን 3 ደቂቃ ጫማው ነው ያመጣው አልልም። መንገዱም ሌላ፣ አየሩም ሌላ፣ አበበም የአራት ዓመት ልምድ የጨመረ ሰው ነው። ግን ባዶ እግር ምስጢሩ ቢሆን ኖሮ ቶኪዮ ላይ ጫማውን አውልቆ በጣለው ነበር። ማን ይከለክለዋል?

«አባቶቻችን ባዶ እግራቸውን ኖረው ምን ሆኑ?» የምትለዋ የጸሐፊው ጥያቄ ደግሞ ደስ አላለችኝም። ምን እንደሆኑማ በደጋው አገር ገበያ ውሎ ያየ ያውቃል። ዝሆኔ ከምንላቸው የእግር እብጠቶች አንዱ ትንኝ የሚያመጣው አይደለም። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሥራት የሚመጣ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳ በኩል ይገባሉ፤ እግሩ እያበጠ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። በአገራችን ከሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚታመምበት ይገመታል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ይኸው ነው። ባዶ እግርን እንደ ጀግንነት ለመጻፍ መጀመሪያ ጫማ ያለው ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ፈረንጅም ቢሆን ይህን ፋሽን ሞክሮታል። ጣት ጣት ያለው፣ ጓንት የሚመስል ጫማ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። «በባዶ እግር እንደመሮጥ ነው፣ እግር ያጠነክራል» ተብሎ ተሸጠ። ገዢዎች «ማስረጃው የታለ?» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ቪብራም ጥፋቴን አላምንም እያለ እ.ኤ.አ. በ2014 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

«ቁጥራችሁን እወቁ» ይላሉ ጸሐፊው። የቱን ቁጥር? የሩጫ ጫማችሁን ምላስ ገልብጡና ከውስጥ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ አራት ቁጥር ታገኛላችሁ። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የአውሮፓ፣ ከዚያ የሴንቲ ሜትር። እኛ «38፣ 40፣ 42» የምንለው የአውሮፓውን ነው። በአውሮፓው አንድ ቁጥር ማለት የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር። በአሜሪካውና በእንግሊዙ አንድ ቁጥር 8.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ «አንድ ጨምሩ» ሲባል የማን አንድ?

ኩባንያዎቹም እርስ በርስ አይስማሙም። የናይኪ የወንድ 9 በአሜሪካ ቁጥር፣ በአውሮፓው 42.5 ነው። የአዲዳስ 9 ደግሞ 42 ከሁለት ሦስተኛ ነው። በእንግሊዙ ናይኪው 8 ሲል አዲዳሱ 8.5 ይላል። ሴንቲ ሜትሩ ላይ ግን ሁለቱም 27 ናቸው። ከአራቱ የምትሻለው ሴንቲ ሜትሯ ናት። ብዙ ሰው ግን አያያትም። እሷም ብትሆን ርዝመት እንጂ ስፋት አትናገርም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ይህን ሁሉ የተማርኩት በኪሳራ ነው። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ልትመጣ ስትል «ምን ላምጣልሽ?» አለችኝ። የሩጫ ጫማ፣ 8 ቁጥር አልኳት። ከድሮ ጫማዬ ላይ አንብቤ ነው። መጣች። ቡና ተፈላ፣ ሻንጣ ተከፈተ፣ ጫማው ወጣ። ጀልባ! የወንድ 8 ነበር የገዛችው። በናይኪ የሴት 8 ማለት 39 ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር። የወንድ 8 ግን 41 ነው፤ 26 ሴንቲ ሜትር። «ቀለሙ ደስ ስላለኝ ነው፤ 8 መቼም 8 ነው ብዬ» አለችኝ። ምን ልበላት? አትላንቲክን አቋርጦ የመጣ ጫማ አይመለስም። አሁን ታናሽ ወንድሜ ይሮጥበታል። ሮጠበት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ካፌ ይሄድበታል።

ይህ የኔ ብቻ ጣጣ አይደለም። ደህና የሩጫ ጫማ እዚህ አገር በአብዛኛው የሚገባው በሰው ሻንጣ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከፍራንክፈርት። ሞክሮ መግዛት የለም። የውጭ ሰዎች ምክር «ሱቅ ገብታችሁ አምስት ጫማ ሞክሩ» ይላል፤ እኛ የምንሞክረው ሻንጣው ከተከፈተ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ጸሐፊው ቅንጦት ያሉት መለካት ከማንም በላይ ለኛ የሚያስፈልገው።

የኔ መፍትሔ ካርቶን ነው። ወረቀትም ይሆናል፣ ግን ይንሸራተታል። ካርቶኑን ግድግዳ ሥር አስቀምጡ። የምትሮጡበትን ካልሲ አድርጉ፤ ቀጭኗን የቢሮ ካልሲ አይደለም። ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ቁሙ። ቁሙ ነው ያልኩት። ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም፤ ተቀምጣችሁ የለካችሁት ያታልላችኋል። እስክሪብቶውን ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ያስምርላችሁ። ራሳችሁ ጎንበስ ካላችሁ እግሩ ይዛባል። ከዚያ ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ለኩ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ የኔ ሁለተኛው ነው። ሁለቱንም እግር ለኩና በትልቁ ሂዱ፤ የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም። ሰፊውን ቦታም ለኩ። ሰዓቱ ደግሞ ወደ ማታ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ፣ 11 ሰዓት ላይ ያለ እግር የጠዋቱ እግር አይደለም። ስትሮጡም እንደዚያው ያብጣል።

አሁን የጸሐፊውን «አንድ ጨምሩ» እንየው። ግማሽ ልክ ነው ያልኩት ይሄኛው ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት ለፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ትንሽ ዘለል ያለ፣ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ጥያቄው ከምን ላይ ነው የሚጨመረው የሚለው ነው። አንዱ እስካሁን ሲያደርግ የኖረው ጠባብ ነው። ለሱ አንድም ላይበቃው ይችላል። ሌላው ድሮም በሰፊ ጫማ የሚሄድ ነው።

ልጆች ሆነን የበዓል ጫማ ሲገዛልን ትዝ አይላችሁም? «ያድግና ይሞላዋል» ተብሎ ሁለት ቁጥር ይበልጣል። ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቃል። በዚህ ፋሲካ ይሰፋል፣ በመጪው ፋሲካ ይጠባል፤ ልክ የሆነበት ቀን የትኛው እንደነበር ማንም አያውቅም። ያ ነገር ካደግንም በኋላ አልለቀቀንም። ትልቅ ሰው ሆኖ «ሰፋ ይበል» የሚል ስንቱ ነው። በሰፊ ጫማ ውስጥ እግር ወደፊት ወደኋላ ይመላለሳል። ተረከዝ ይላጣል። ጣቶች ጫማውን ለመያዝ ሲሉ ይኮማተራሉ፤ ባት ሳይቀር ይደክማል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጽሑፉ ስለ ስፋት አንዲት ቃል አለመጻፉ ነው። ብዙ ሰው «ጠበበኝ» ሲል የጠበበው ርዝመቱ አይደለም። ስፋቱ ነው። ሻጩ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ያመጣል። ቁጥር ሲጨምር ስፋቱም በትንሹ ይጨምራልና ለጊዜው ጥሩ ይመስላል። ከፊት ግን ሁለት ጣት ቦታ ይተርፋል፤ ጫማው የሚታጠፍበትና እግራችሁ የሚታጠፍበት ቦታ ይለያያል። ደህና ኩባንያዎች አንዱን ቁጥር በተለያየ ስፋት ይሠራሉ። በአሜሪካ አጻጻፍ በፊደል ነው የሚታወቀው። ለወንድ ዲ መደበኛው ነው፣ ለሴት ቢ። ለወንድ 2ኢ ሰፊ፣ 4ኢ በጣም ሰፊ። ለሴት ደግሞ ዲ ሰፊው ነው። ውጭ ላለ ዘመድ ስታዝዙ ከሴንቲ ሜትሩ ጋር ይህቺን ፊደል ላኩ። ብዙም ዋጋ አትጨምርም።

ጫማው እጃችሁ ከገባ ደግሞ አንድ ቀላል ፈተና አለ። የውስጡን ንጣፍ አውጡና መሬት ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። እግራችሁ በጎን ከንጣፉ ወጥቶ ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው። የሻጭ ምላስ አያስፈልግም።

ስለ ሻጭ ምላስ ካነሳን «ይለቃል» ትምጣ። ይህቺን ቃል የማያውቅ ጫማ ሻጭ አላጋጠመኝም። ለታላቁ ሩጫ ስዘጋጅ የመጀመሪያ የሩጫ ጫማዬን ልገዛ ሄድኩ። ከፊት ነካኝ። ሻጩ «የኔ እህት፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺው፤ ከዚያ ጓንት ነው የሚሆንልሽ» አለኝ። አመንኩት። የቆዳ ጫማ ቢሆን እውነቱን ነበር። ቆዳ ይለቃል፤ ካልለቀቀም ጫማ ሠሪ ቅርጽ ከትቶ ያሰፋዋል። የሩጫ ጫማ ግን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። በጎን ትንሽ ቢለሰልስ ነው። ርዝመቱ ንቅንቅ አይልም፤ ከሥር ያለው ስፖንጅና ጎማ አንዴ በተቆረጠበት ይቀራል።

በሁለተኛው ሳምንት እንጦጦ ወጣን። መውጣቱ ምንም አልነበረም። ስንወርድ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ጣቴ ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል። ቁልቁለት እግርን ወደፊት ይገፋል። ቤት ደርሼ ካልሲዬን ሳወልቅ የሁለቱም ሁለተኛ ጣቶቼ ጥፍር ጠቁሯል። በሻጩ ሁለት ሳምንት ውስጥ የለቀቀው ጫማው አልነበረም። ጥፍሬ ነው። ኅዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትሯን እንደምንም ጨርሼ ከመስቀል አደባባይ ቤቴ የተመለስኩት በነጠላ ጫማ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መሞከር ከቻላችሁ እፍረቱን ተዉት። አንዱን ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም አድርጉ። ቁሙ፣ ዝለሉ፣ ከሱቁ ወጥታችሁ እስከ መብራት ፖሉ ድረስ ሩጡና ተመለሱ። ሻጩ ይደነግጣል። የድሮ ጫማችሁን አስይዙት፤ ማንም በካልሲ አይጠፋም። ጣት ጫፍ ነካ? በቃ፣ ጫማው ያንተ አይደለም፣ ያንቺም አይደለም። ትንሿን ጣት በጎን ጨመቀ? እንደዚያው። ተረከዝ በትንሹ ከተነሳ ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። እሱ በማሰሪያ ይስተካከላል።

ይህቺን ላብራራ። ቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ወደኋላ ፈንጠር ያለች የመጨረሻ ቀዳዳ አለች። ማንም አይጠቀምባትም። ለጌጥ የተሠራች ይመስለኝ ነበር። ማሰሪያውን በዚያው ጎን ካለችው ቀዳዳ አውጥታችሁ ወደዚህቺ መልሳችሁ አስገቡ፤ መሀል ላይ ትንሽ ቀለበት ትቀራለች። በሌላውም በኩል እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኝ ቀለበት፣ የቀኙን በግራ ቀለበት አሳልፉና ወደ ታች ሳቡ። እሰሩ። ተረከዙ ይያዛል፤ ከፊት ያሉት ጣቶች ግን አይጨነቁም። ብዙዎች «ሰፋኝ» ብለው የጣሉት ጫማ በዚህች ቀዳዳ ይድን ነበር።

ጠፍጣፋ እግርን ቶሎ ልለፈው። ጸሐፊው እግራችሁን አርጥባችሁ ሲሚንቶ ላይ ርገጡ፣ ምልክቱን አይታችሁ ጫማ ምረጡ ይላሉ። ይህ ምክር የሳቸው ፈጠራ አይደለም፤ ጫማ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ሲሉት የኖሩት ነው። የአሜሪካ ጦር ግን ፈትኖታል። በምድር ጦር፣ በአየር ኃይልና በባሕር ወለድ ምልምሎች ላይ፣ በሺዎች። ገሚሶቹ በእግራቸው ቅርጽ የተመረጠ ጫማ ተሰጣቸው። ገሚሶቹ ቅርጻቸው ሳይታይ ሁሉም አንድ ዓይነት። ሥልጠናው ሲያልቅ በጉዳት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እርጥብ እግሩን ሲሚንቶ ላይ የሚረግጥ ሰው የሚያተርፈው እርጥብ ሲሚንቶ ነው። ሕመም ካላችሁ ሐኪም እዩ። ከሌላችሁ ስትሮጡበት የሚመቻችሁን ያዙ።

ካርቦኑ። «ብር ያለው ይግዛ» ይላሉ። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ነበር። ዋጋው 500 ዶላር። ኩባንያው ራሱ ጫማው ለአንድ ማራቶን፣ ሲደመር ለትንሽ መለማመጃ ነው ብሏል። ይህን የመሰለ ጫማ በየማለዳው መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ መውጫ መውረጃ ማድረግ በሠርግ ቀሚስ ሊጥ ማቡካት ነው። ስፖንጁ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ከፍ ያደርጋል፤ ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚታችሁን ለዕድል ሰጣችሁት ማለት ነው። ጠባብ ከሆነ ደግሞ የ500 ዶላሩም እንደ 500 ብሩ ይልጣል።

ጫማ ለምን ሥራ እንደተሠራ ማወቅ ለሻምፒዮንም ያስፈልጋል። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ። ለጎዳና ውድድር የሚፈቀደው የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የሱ ጫማ 50 ነበር። በ1 ሴንቲ ሜትር ድሉ ሄደ። ልምምድ ላይ ቢያደርገው ማንም አይናገረውም ነበር። ይህን ዜና የሰማሁ ቀን አንጀቴን በላኝ።

ሳልባጅ ተራ ውረዱ ማለታቸው ግን ልክ ነው። አንዱ ልክ ያልኩት እሱን ነው። እኔም እወርዳለሁ። አዲስ ተብሎ ከሚሸጥ ፌክ ይልቅ በደንብ የተመረጠ ሳልባጅ ይሻለኛል። ፌኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በግምት ነው፤ ሴንቲ ሜትሯንም ማመን አይቻልም። ችግሩ ጸሐፊው «ውረዱ» ብለው ዝም ማለታቸው ነው። ሳልባጅ ጫማ ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ አዲስ ማሰሪያ ገብቶለት ነው የሚጠብቃችሁ። ንጽሕናውን አትዩ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡትና ከኋላው እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ተቀርጾበታል። እናንተንም ወደዚያው ያዘነብላችኋል። የስፖንጁን ጎን እዩ፤ ተጨምቆ የተሸበሸበ መስመር ከበዛበት ሞቷል። በአውራ ጣት ተጫኑት፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ተዉት። ጫፉን ይዛችሁ እጠፉት፤ ማስቲሹ ከተሰነጠቀ ሰንዳፋ ሳትደርሱ ሶሉ አፉን ይከፍታል።

«ሶሉ እስኪበሳ» የሚለውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የሩጫ ጫማ የሚሞተው ከውስጥ ነው። ከሥር ያለው ጎማ ገና ጥርስ እያለው ስፖንጁ ይተኛል። በተለምዶ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው የሚባለው። በሳምንት 25 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ሕግ አይደለም። ቀላል ሰው በሱሉልታ ሣር ላይ ሲሮጥና ከበድ ያለ ሰው አስፋልት ላይ ሲሮጥ አንድ አይሆንም። ምልክቱን የሚሰጣችሁ እግራችሁ ነው። መንገዱም ፍጥነቱም ሳይለወጥ ቅልጥማችሁን ወይም ጉልበታችሁን አዲስ ሕመም ከጀመረው መጀመሪያ ጫማውን ጠርጥሩ። አሮጌውን መጣል አያስፈልግም፤ ገበያ ለመሄጃ ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ትመጣለች። በዚህ ጊዜ ቁጥር አልላክሁላትም። የላክሁት የካርቶኑን ፎቶ ነው፤ ሴንቲ ሜትሩና የስፋቱ ፊደል ተጽፎበታል። የቅዳሜ ልጆችም ሰምተው መጡ። አሁን ካርቶኑ ላይ የሰባት ሰው እግር አለ፤ እርስ በርሱ ተደራርቦ የዶሮ ጭረት መስሏል። ከሰባቱ አምስቱ ቁጥሬ ነው ከሚሉት ጋር አልገጠመም። ሻንጣው ሰባት ጫማ ይችላል ወይ የሚለው የሷ ጉዳይ ነው።

ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ የካርቶኑ ጀርባ ገና ባዶ ነው። የሚሮጡበትን ካልሲ ይዘው ይምጡ። ከ11 ሰዓት በኋላ።